ማይኩን ያልዘጋሁበት ስብሰባ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያስያዙኝ ኬብል ነው። ጋሽ ወልዴ ኮልፌ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ያከራዩ ነበር፤ ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጉባኤ፣ ለወረዳ ስብሰባ። ኬብሉን ክርኔ ላይ ስጠመጥም አዩኝና ቀሙኝ። እንዲህ ሲጠመጠም ውስጡ ይበጠሳል፣ ላዩ ግን ደህና ይመስላል አሉ።

ከዚያ የማይኮቹ ድምፅ የሚመጠንበት ሚክሰር ጋ ወሰዱኝ። እያንዳንዱ ማይክ የራሱ ማንሸራተቻ አለው። ወደ ላይ ስትገፋው ድምፁ ይወጣል፣ ወደ ታች ስትስበው ይጠፋል።

«ማይክ የያዘ ሰው የሚናገረው እሱ ይመስለዋል» አሉኝ። «የምታናግረው አንተ ነህ። ይሄን ግን ለማንም እንዳትነግር።»

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ሁለት ጎረቤታም የአምልኮ ቤቶች ደንበኞቻችን ነበሩ። የአንዱ ኮሚቴ ይመጣና እነዚያ ስንት ስፒከር እንደወሰዱ ጠይቆ አንድ ጨምሮ ይከራያል። በሳምንቱ የዚያኛው ይመጣና እሱም አንድ ይጨምራል። ስለ ትሕትና ሊሰብክ የመጣ ሰው ከመጀመሩ በፊት ጠጋ ብሎ ድምፁ ላይ ኤኮ እንድጨምርለት ለምኖኛል። ሰዎቹ እግዜር ጆሮው የሚከብደው መስሏቸው ነው ወይ ብዬ ጋሽ ወልዴን ጠየቅኳቸው። የሚጮኹት ለእሱ አይደለም አሉኝ።

የወረዳ ስብሰባ ሲሆን ሁለት ማይክ ነው የሚዘጋጀው፤ አንዱ ለመድረኩ፣ አንዱ ለሕዝቡ። ጥሩው የመድረኩ ነው። ያየኋቸው ሰብሳቢዎች ሁሉ «በነፃነት ተናገሩ» ብለው ነው የሚከፍቱት። ከመክፈታቸው በፊት ግን ሚክሰሩ ጋ መጥተው በጆሮዬ የሚሉኝ ነገር አላቸው።

ጋሽ ወልዴ ሲያርፉ ሥራውን እኔ ያዝኩት። አንድ ቀን ወረዳው መንገድ ሊሰፋ ነው ብሎ ነዋሪውን ሰበሰበ። ሰብሳቢው ገረመው የሚባል፣ በዕድሜ ታናሼ የሚሆን ኃላፊ ነበር። ገና ስፒከር ስተክል መጣ።

«መነጽሬን ሳወልቅ የሕዝቡን ማይክ ትዘጋዋለህ። የቴክኒክ ችግር ነው እላለሁ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ትእዛዙ ለጆሮዬ አዲስ አልነበረም።

ገረመው ስለ ልማት ብዙ ተናግሮ ማይኩን ለሕዝቡ ሰጠ። መጀመሪያ የተነሡት ሰዎች አመስግነው ተቀመጡ። ሰፈራችን ውስጥ ዳቦ የሚሸጡት እትዬ አስካለ ግን ቤታቸው መንገዱ በሚሰፋበት ላይ ነበረ። ማይኩን ሲቀበሉ አልነፉበትም፣ በጣታቸውም አልመቱትም። ከአፋቸው ትንሽ ራቅ አድርገው ያዙት። በዚህ ሥራ ዘመኔ ማይክ እንደዚያ የያዘ ሰው ጥቂት ነው ያየሁት።

«የጠራችሁኝ ልትጠይቁኝ ነው ወይስ ልትነግሩኝ?» አሉ። «ልትነግሩኝ ከሆነ ቤቴ መጥታችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረ? ሥራዬን አልፈታም ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። ገረመው መነጽሩን አወለቀ።

አየሁት። ጣቴ ማንሸራተቻው ላይ ነበር። የሴትየዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ አይጮኽም፣ አይቆራረጥም። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር የኬብል ጫፍ የምፈልግ መሰልኩ። ቀና ስል ገረመው መነጽሩን አድርጎ እንደገና ሲያወልቅ ደረስኩ። ተመልሼ ጎነበስኩ። እትዬ አስካለ የቤቱን ነገር፣ የካሳውን ነገር፣ ሁሉንም ተናግረው ሲጨርሱ ሕዝቡ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ የወረዳ ሥራ አላገኝም ብዬ ዕቃዬን መጠቅለል ጀመርኩ። ገረመው መጣ። አልተቆጣም። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከበላይ ማን አለዎት?»

ጠዋት አንተ ነበርኩ። ማንም የለኝም አልኩት። ፈገግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝና ሄደ። ማንም ሳይኖረው እንቢ የሚል ሰው መኖሩን ማመን አልቻለም።

ሰፈሩም አላመነም። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ጓደኛዬ አዳራሹ ውስጥ አብዝተው ካጨበጨቡት አንዱ ነበር። ፀጉር ቤቱ ስገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። በኋላ አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ነገረኝ።

«ማይኩን ክፍት የተውከው የሚያጨበጭበውን ለመለየት ነው እየተባለ ነው።»

አንተስ ምን ትላለህ አልኩት። መቀሱን አስቀምጦ ማበጠሪያ ፈለገ።

ለለቅሶ የሚጠራኝ ሰው ቀነሰ። ለቅሶ ቤት ሰው ብዙ ያወራላ። ወረዳው ግን ከበፊቱ ይበልጥ ይጠራኝ ጀመር፤ ገረመው ወንበር ያስመጣልኛል። ይሄም ሰፈሩ የጠረጠረውን አረጋገጠለት።

ከወራት በኋላ የመንገዱ ፕላን ተስተካከለና ከእትዬ አስካለ ግቢ አጥሩ ብቻ ተነሣ። ገረመው ሕዝቡን ስላሳተፍን ነው አለ። እትዬ አስካለ ስለቴ ሰመረ አሉ። ሰፈሩ የእኔ እጅ አለበት አለ። ፕላኑን የሠራውን መሐንዲስ የጠየቀ የለም።

በዚያው ሰሞን እትዬ አስካለ ትኩስ ዳቦ ይዘው ሱቄ መጡ። ስፒከር ላይ ተቀምጠው በሩን አዩ።

«ልጄ፣ አሁን ማንም አይሰማንም። ያኔ ማን አዞህ ነው?»

ማንም አላዘዘኝም አልኳቸው። ድምፅዎ ጥሩ ይወጣ ነበር፣ ጥሩ ድምፅ መቁረጥ ደግሞ እጄ እንቢ አለኝ አልኳቸው። እውነቱ ይሄው ነው። ሌላ ምክንያት እስከ ዛሬም ፈልጌ አላገኘሁም። ከሰው ሁሉ እሳቸው እንኳ ያምኑኛል ብዬ ነበር።

«ይሁን፣ ካልፈለግክ አትንገረኝ» ብለው ተነሡ። ዳቦውን ትተውልኝ ሄዱ።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይሄንን ነው። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ማይኩን አትዝጉ። ለምን እንዳልዘጋችሁት ለማስረዳት ግን አትድከሙ፤ ሳይታዘዝ የሚሠራ ሰው አለ ብሎ የሚያምን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።