ሽማግሌዎቹ በመጡበት ቅዳሜ የወደቀው ሲስተም

«ሲስተም የለም» ተብሎ ከመስኮት ያልተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ወረፋ ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ተራችሁ ሲደርስ፣ ልጅቷ ማስቲካዋን እያላመጠች «ሲስተም የለም» ትላችኋለች፤ እናንተም ሲስተሙ ወዴት እንደሄደ ሳትጠይቁ ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ። እንግዲህ የሄደውን ሲስተም ፈልጎ የሚመልስ ሰው አለ። አንዷ እኔ ነኝ። ዴቭኦፕስ ይሉናል። ፕሮግራመሮች የጻፉትን ተቀብለን ሰርቨር ላይ እንጭናለን፣ እንዳይወድቅ እንጠብቃለን፣ ሲወድቅ እናነሳለን። ቆሞ ሲውል መኖራችንን የሚያውቅ የለም። ሲወድቅ ግን ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ስልክ ቁጥሬን በቃሉ ያውቀዋል።

እናቴ ይሄን ለቸርች ጓደኞቿ ማስረዳት ሰልችቷት «ኮምፒውተር ናት» ብላ ተገላግላለች። በዚህ የተነሳ ሰፈራችን ቀራንዮ ውስጥ ዲሽ ሲበላሽ፣ ሞባይል ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የምጠራው እኔ ነኝ። አንዴ እንዲያውም የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዳይ ተጠርቼ ሄጃለሁ። ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ሰካሁትና ተመርቄ ተመለስኩ።

ልጁን ያወቅኩት እዚያው የምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጁ እለዋለሁ፤ ያኔ እኛ ቤት የሚጠራውም እንደዚያ ነበር። የቡድናችን ኃላፊ ነው። ጭምት፣ ሥርዓት ወዳድ፣ እስክሪብቶውን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው። ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ሰርቨር ላይ ማንም ምንም ነገር አይነካም የሚለውን ሕግ ያወጣው እሱ ነው። በትልቁ አትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እውነቱን ነው፤ በእኛ ሥራ ዓርብ የተነካ ነገር ቅዳሜን ይበላል።

ተዋደድንና ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፣ ረጅም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰውዬ። አባቴ እንደ ደንቡ የልጁን ሥራ ጠየቀ። አስተማሪው «ኮምፒውተር ነው» አሉ። አባቴ «ልጄም ኮምፒውተር ናት» አለ። ይሄኔ አስተማሪው ልጁን ከፍ ያደረጉት መስሏቸው፣ «እሱማ አለቃዋ ነው እኮ» ብለው አረፉት። ነገር ተበላሸ። አባቴ «አለቃዋ ነው?» ብሎ ደግሞ ጠየቀ። አፋቸውን ሞልተው «አዎን» አሉ። «እናስብበት» ብሎ ሸኛቸው።

አባቴ ሜካኒክ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው አየር ጤና፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋራዥ ውስጥ ነው። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ማዘዝ የሚያቆምበትን ሰዓት አያውቅም። እሁድ እሁድ ምሳ ሲመጣ፣ በአባቴ ቤት፣ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «ያቺን ውኃ አቀብለኝ፣ በሩን ዝጋው፣ ሬዲዮውን ቀንሰው» ይለዋል። አባቴም ተነስቶ ይቀንሳል። እኛ ልጆቹ እያየን። አንድ ቀን እንኳ ቃል ሲመልስለት አልሰማሁም። ስለዚህ «ቀን ሲያዝሽ የዋለ ሰው ማታም ማዘዙን አይተውም፤ ልጄን ለአለቃ አልድርም» ሲለኝ ከየት እንዳመጣው አውቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ እንደገና ተቀጠሩ። እናቴ ጠጋ ብላ «አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ሁለቴ እንቢ ካለ ለሦስተኛው በር አይከፍትም» አለችኝ። አውቀዋለሁ። ያለ እሱ ፈቃድም ማግባት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ዕድሜዬ ደርሷል፣ የራሴ ደሞዝ አለኝ። ግን አባቴን እወደዋለሁ። ልጁንም እወደዋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል የምሆነውን አላውቅም ነበር።

በዚያ ላይ ያን ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ። ተረኛ ማለት ሲስተሙ ከወደቀ የትም ብትሆኚ ላፕቶፕሽን ከፍተሽ ማንሳት ነው። ልጁ «ልቀይርሽ» ብሎኝ ነበር፤ ጭንቀቴን የምረሳበት ነገር ቢኖር ይሻላል ብዬ እንቢ አልኩ። በደንቡ ሽማግሌ ሲመጣ እኔ ወደ ሳሎን ብቅ አልልም፣ እሱም ደጃችንን አይረግጥም። እኔ መኝታ ቤቴ፣ እሱ አየር ጤና አንድ ካፌ ውስጥ ሆነን ልንጠብቅ ተስማማን። ላፕቶፑን ይዞ ነው የሄደው። ይሄን ያኔ አላወቅኩም።

የኔን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው። ሳሎን ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ እኔ ነኝ «ይማርህ» የምለው። ስለዚህ መጀመሪያ የተባለውን በራሴ ጆሮ ሰማሁ፤ ኋላ ላይ የሆነውን ደግሞ ጓዳው በር ላይ ቆማ የነበረችው እናቴ ነግራኛለች።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ጸለዩ። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» አሉ፤ ደንብ ነው። አስተማሪው ጉልበታቸውን እያሻሹ ቆመው፣ ልጁ ከተጋባን ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር መወሰኑን፣ አለቃነቱም እንደሚቀር አስረዱ። አባቴ «ክፍል ቢቀይር ጠባይ አይቀየርም» አለ። እዚህ ላይ እያለን ስልኬ ጮኸ።

ድርጅታችን ከመጋዘን ዕቃ እያወጣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚልክ ነው። ሲስተሙ የመውጫ ወረቀት ካላተመ አንድም መኪና ከግቢ አይወጣም። የመጋዘኑ ሰውዬ «እህቴ፣ መኪኖቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል፣ ሾፌሮቹ ክላክሱን ይዘውታል» አለኝ። ከጀርባው ይሰማል። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፕሮግራሙ ወድቆ ቢሆን አነሳዋለሁ፤ ግን ጭራሹኑ የለም። ፋይሎቹ ተጠርገው ጠፍተዋል። በቅዳሜ ምድር እግር አውጥቶ የሚሄድ ፋይል ደግሞ የለም፤ አንድ ሰው ነክቶታል። ማን እንደሆነ ልጠይቀው ለልጁ ደወልኩ።

«ማን ነው የነካው?» አልኩት። «ምኑን?» አለ። ያንን ዓይነት መልስ የማውቀው ከአዲስ ተቀጣሪዎች ነው።

«አንተ ነህ?»

«ቁጭ ማለት አቃተኝ» አለ። «እጄ ሥራ ፈታ። ዝም ብዬ ከምጨነቅ አሮጌ ፋይሎች ትንሽ ላጽዳ ብዬ…»

አሮጌውን ሲጠርግ የምንሠራበትንም አብሮ ጠርጎት ኖሯል። ሌላ ሰው አይደለም፣ ሕጉን ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሰው። ስልኩን ሳልዘጋ፣ ሁለት እጄ ነፃ እንዲሆን ጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁና የፋይሎቹን የትናንት መጠባበቂያ ቅጂ ፈልጌ መመለስ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የሳሎኑ ነገር አልተሰማኝም።

ሳሎን ውስጥ አባቴ የመጨረሻ ቃሉን እየተናገረ ነበር። «ለልጁ ደውሉለት። እንደማያዛት በራሱ አፍ ይንገረኝ፤ ካሳመነኝ ይሁን፣ ካላሳመነኝ ግን በዚሁ እንለያይ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ ቀላል ነገር ነዋ። አስተማሪው ስልካቸውን አውጥተው ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። የቴሌዋ ሴትዮ «የደወሉለት ሰው ሌላ መስመር ላይ ነው» አለች። ደገሙ። ሌላ መስመር ላይ ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ «ኔትወርክ ይሆናል» ብለው በራሳቸው ስልክ ሞከሩ። ሴትዮዋ ለእሳቸውም ያንኑ ነገረቻቸው።

አባቴ «ዛሬን በመሰለ ቀን ከማን ጋር ነው ይሄን ያህል የሚያወራው?» አለ።

ከኔ ጋር ነዋ። የራሴን ትዳር መስመር ዘግቼ የያዝኩት እኔው ነኝ፤ ግን በምን አውቄ። አስተማሪው እንደገና ደወሉ፣ ግንባራቸውን አላባቸው። እናቴ ጓዳው በር ላይ ሆና በልቧ እየጸለየች ነበር። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ «በሉ እንግዲህ…» ብሎ ሊሸኛቸው አፉን ከፈተ።

ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁ የት እንደሚደርስ አያውቅም። በዚያች ቅጽበት ልጁ ጥፋቱን ልካስ ብሎ፣ እኔ በምመልሰው ፋይል ላይ እሱም በበኩሉ መመለስ ጀመረ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲነካው ሁሉም እንደሚበላሽ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ደሜ ፈላ።

«አሁን ደግሞ ማን ንካ አለህ?» አልኩ፤ ቀራንዮ ሙሉ ሰምቷል። «ዝጋው። አይሆንም፣ አልሰማህም፣ ዝጋው አልኩህ። አለቃ ብትሆንስ? ሽማግሌ ልከህ አንድ ማኪያቶ እስክትጨርስ ድረስ ቁጭ ማለት ያቅትሃል? እዚህ መኪኖቹ ተገትረው እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ አንተ ፋይል ታጸዳልኛለህ? እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ሁለቱንም። ከተትክ? በቃ፣ አውጣ እስክልህ እንደዚያ ሁን።»

እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብላ ተመኘች። ሴትዮዋ ብቻ ከአስተማሪው ስልክ ውስጥ ሌላ መስመር ላይ ነው እያለች ትለፈልፋለች። አስተማሪው ስልኩን ቀስ ብለው ዘጉና ኪሳቸው ከተቱት፤ ዓይናቸውን ግን ከምንጣፉ ላይ አላነሱም።

አባቴ ኮምፔርሳቶውን አየው አየውና፣ «ይሄ ነው አለቃዋ?» አለ።

«እሱ ነው» አሉ አስተማሪው በቀጭን ድምፅ።

«በሉ ተቀመጡ። እርስዎም ጉልበትዎ ታመመ።»

«ጉዳያችን ሳያልቅ…»

«አልቋል» አለ አባቴ። «ሰጥቻችኋለሁ። አሁን የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ለልጃችሁ ግን አስባችሁለታል?»

ከዚያ ሳቀ። እናቴ እንደምትለው እንባው እስኪወርድ ነው የሳቀው፤ ሽማግሌዎቹም መሳቅ ይሁን ማፈር ግራ ገብቷቸው አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድለት፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ መልሼለት ቢሆን ኖሮ…» አለና ተወው። እናቴ ለማን እንደሆነ ገብቷት አቀረቀረች። ወንድሟ ነው፤ ምን ትበል።

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። ፋይሎቹ ተመለሱ፣ ፕሮግራሙ ተነሳ፣ የመጋዘኑ ሰውዬ «ታተመ፣ የመጀመሪያው መኪና ወጣ» ብሎ ጻፈልኝ። ልጁን አሁንም መስመር ላይ ይዤው ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። «ሽማግሌዎቹን መለሳቸው» አልኩ በሆዴ። ጆሮ ማዳመጫውን አወረድኩት።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«መኪኖቹ ወጡ?»

«እየወጡ ነው፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጁን ግን ቀስ እያልሽ ተቆጪው» አለኝ። «የሰው ልጅ እኮ ነው። አደራ ተቀብያለሁ።»

እኔ እስከማውቀው ድረስ እንዲህ የሚባለው ለሙሽራው ነው። እስኪገባኝ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። አባቴ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ቆመ።

ስልኩን ግን አልዘጋሁትም ነበር። አንገቴ ላይ ከተንጠለጠለው ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የልጁ ድምፅ «ምን ሆንሽ? ምን ተፈጠረ? ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» ይላል። ልነግረው ስሞክር ለቅሶዬ ባሰ። እሱም በፈራ ድምፅ፣ «ኧረ በጌታ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለ።