መምህሩ ያነሳው ሰው አይከርምም

ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ለጉርድ ፎቶ ተራዬን ስጠብቅ፣ ባለቤቱ ከመሳቢያው አንዲት አሮጌ ትንሽ ካሜራ አውጥቶ ሲነካካት «ዝዝዝ» ብላ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች። ጉድ እኮ ነው! ሥራ ይዤ፣ ትዳር ይዤ፣ በእንዲህ ያለች ድምፅ ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ ያዝኩ። ሰውዬው «ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» ሲለኝ «ብርዱ ነው» አልኩት። ብርዱ አልነበረም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የፈራሁት ፍርሃት ነበር።

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። እንዲያ ያለች ዲጂታል ካሜራ ባሕር ዳር የሚኖር ወንድሙ ከሰጠው ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ቤት የሚያስቀምጠው ጠፋ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ካሜራዋን ይዞ ገበያ ይወርድና፣ በሬ ነጋዴውን፣ ሸክላ ሻጯን፣ ጭነት መኪና ላይ የተንጠለጠለውን መንገደኛ ሁሉ እየለመነ ያነሳ ነበር። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ከከተማው ወጥተን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የአባይን በረሃ እያየ ጭጋጉ እስኪገለጥለት ይጠብቅ ነበር። ሥራዬ ብሎ ሳይሆን ወዶት ነው፣ ከማንም አምስት ሳንቲም አይቀበልም። ቤታችን ኮምፒውተር ስላልነበረን፣ በወር አንዴ አውቶቡስ ተሳፍሮ ደሴ ሄዶ ፎቶዎቹን ያሳጥብና ለየባለቤቱ ያድል ነበር። እናቴ «የሰው ፊት ሲለቅም የሚውል ባል ሰጠኝ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ጥቅምት ላይ የወፍጮ ቤቱን ጋሽ ደምሴን ዱቄት እንደለበሱ አነሳቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታመው ሞቱ። በእኛ አገር ልቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ ትልቅ ተደርጎ ታጥቦ በፍሬም ይገባና፣ ከቤተሰቡ አንዷ ከፍ አድርጋ ይዛው በለቀስተኛው መሀል እየዞረች ታስለቅስበታለች፤ ፎቶ የሌለው ሰው ልብሱ ይያዝለታል። ያን ጊዜ ከመታወቂያ ላይ ጉርድ በቀር ፎቶ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር፣ የጋሽ ደምሴ ልጆች እያለቀሱ የመጡት አባቴ ዘንድ ነበር። እሱም በነጋታው ደሴ በርሮ ለሠልስቱ አደረሰላቸው።

ኅዳር ገብቶ ጤፉ ሲታጨድ ደግሞ የጭነት መኪናው ረዳት ፈንታው ሞተ። አባቴ መኪናው መሰላል ላይ ቆሞ ሲስቅ ካነሳው በኋላ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ልቅሶው ላይ ያን የሚስቅ ፎቶውን እህቱ ይዛው ስትዞር አየሁት። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሱ ብቻ ጥርሱን ገልጦ ይስቅ ነበር። በእናቴ ነጠላ ውስጥ ተሸሸግሁ፣ ግን ነጠላው ስስ ስለሆነ በውስጡም ይታየኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጄሪካን ይዤ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከፊቴ ያሉት ሴቶች «መምህሩ ያነሳው ሰው አይከርምም» ሲሉ ሰማሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ እኔን አይተው «እሽሽ! ልጅቱ ቆማለች» ብለው ሊያስተዉ ሞከሩና፣ መልሰው ራሳቸው «ወላሂ ግን ሁለት ጊዜ ገጠመ እኮ፣ ሦስተኛውን አያምጣው እንጂ» አሉ። ጄሪካኑን ሳልሞላ ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ ነገሩን ስነግረው ሳቀ።

«ሰብልዬ፣ ፎቶ ሳይነሱ የሞቱት እኮ ደጃችን አይመጡም። ስለማይመጡ አታዪያቸውም። የሚመጡት ፎቶ ያላቸው ብቻ ናቸው» አለኝ።

አሁን ሳስበው ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አይቻልም። ጭንቅላቴ ያኔም ገብቶት ነበር፤ ሆዴ ነው እንቢ ያለው።

በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት አንድ እሁድ፣ እናቴ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ወንድሜን አዝላ ሁላችንም ገደሉ አፋፍ ሄድን። ዳቦ በልተን፣ ጠላ ተጠጥቶ፣ አባቴ ካሜራዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አንዲት ቁልፍ ነካና እየሮጠ መጥቶ ከእኛ መሀል ቆመ። ካሜራዋ ቀይ ዓይኗን ታርገበግብ ጀመር። ማንም ሳይዛት ብቻዋን ታየናለች! አባቴን በእጁ ጎተትኩት። ቀጭ አለች። አራታችንም ገባን።

በማግስቱ ወንድሜ እንደ እሳት ይፋጅ ጀመር። እናቴ ጡት እንቢ ያላትን ልጅ ታቅፋ «ምነው ባላነሳኸን ኖሮ!» ስትለው፣ የማይፈራው አባቴ ራሱ ካሜራዋን በጨርቅ ሸፍኖ ሣጥኑ ላይ ሲያስቀምጣት አየሁ። እሱን ያየሁ ጊዜ ነው ያለቀልኝ። ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ይዘውት ሲሄዱ ካሜራዋን ከሣጥኑ ላይ አወረድኩ፣ የቆሻሻ መጣያ ሥዕል ያለባትን ቁልፍ አባቴ ሲነካት አይቼ አውቃት ነበርና፣ አራታችን ያለንበትን ፎቶ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አጠፋሁት። መድኃኒቱ ሠርቶ ልጁ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ተጫወተ። እናቴ ለእመቤታችን ተሳለች፣ አባቴ የጤና ጣቢያውን ነርስ አመሰገነ፣ እኔ ግን ማን እንዳዳነው አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኝ! እሁድ ከሰዓት አባቴ እድር ሲሄድ በሩን ዘግቼ፣ ካሜራዋን ከፍቼ፣ በሳምንቱ ያነሳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አጠፋ ነበር። ተራራውን እተዋለሁ፣ ላሙን እተዋለሁ፣ ሰው ያየሁ እንደሆነ ግን «ማሪኝ፣ ማሪኝ» እያልኩ እጫናለሁ። አንዱን ብዘለው የሚሞተው በእኔ ነው ብዬ ስለማስብ ሁለቴ ሦስቴ ፈትሼ ነበር የምዘጋት። አባቴ በየካቲት ከደሴ ሲመለስ ያመጣው ተራራ ብቻ ሆነ። ገበያተኛው «የኔስ?» ሲለው «በሚመጣው ወር» እያለ፣ ቤት ሲገባ ለእናቴ «ይቺ ካሜራ ሰው መብላት ጀመረች» ብሎ ሲቀልድ፣ እኔ ደግሞ ቀልዱን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

እማማ አስካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር ጌሾ ተሸክመው የሚመጡ ሴት ነበሩ። ለእኔ ጥንቅሽ ሳይዙልኝ የመጡበትን ቀን አላስታውስም። አባቴ ሊያነሳቸው ዓመት ሙሉ ሲለምናቸው «ወዲያ! እኔን አሮጊቷን ምን ያደርግልሃል?» እያሉ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር። በሚያዝያ ግን፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡና ራሳቸው ጠሩት።

«ና እስቲ ልጄ፣ ዛሬስ አንሳኝ። ለልቅሶዬ ትሁነኝ። ያ አንድ ልጄ የእናቱን ልብስ ታቅፎ አይቁም።»

«እማማ፣ ገና ብዙ ዘመን ይኖራሉ!»

«ብኖርም እሰየው። አንተ ግን አንሳኝ፣ እስክሞት አንተው ዘንድ ትቀመጥልኝ።»

ፀሐዩ አናት ይበሳ ስለነበር አባቴ የካሜራዋ መስኮት ላይ ምንም ሳይታየው ነው የተጫነው። እኔ ከእሳቸው ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሌላው ሰው ሳያውቅ ነው የሚነሳው፣ እማማ አስካለ ግን ሞታቸውን በአፋቸው ጠርተው ተነሱ። በነጋታው አባቴ እድር ሲሄድ፣ መንገዱን ሳይጨርስ ካሜራዋን ከፈትኳት። እሳቸው ሊስቁ ሲሉ ጥርሳቸው ወልቆ ስለነበር አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ዓይናቸው ብቻ ይስቅ ነበር። እንዴት ያምሩ ነበር! «እማማ፣ አይዞዎት» አልኳቸውና አጠፋኋቸው።

አባቴ ተራራ ብቻ ማሳጠብ ሰልችቶት ደሴ መሄዱን ትቶ ነበር፣ ክረምቱም ገባ። በነሐሴ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ሲቀርም ሲመጣም ባለበት ሰሞን፣ አንድ እስከ ጉልበቱ የጨቀየ ሰው በራችንን አንኳኳ። የእማማ አስካለ ልጅ ነበር። አባቴ ሲያየው ገብቶት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«መምህር፣ እናቴ ትናንት ተቀበረች» አለ። «ስታጣጥር ‹ፎቶዬ መምህሩ ዘንድ አለ፣ ሂድና ተቀበል› ነበር የምትለኝ። በሞቴ፣ ለሠልስቷ ያድርሱልኝ።»

አባቴ ካሜራዋን አወረደ። ሰውዬው ከነጭቃው ተጠግቶ በትከሻው ላይ ያይ ጀመር። ተራራ። ላም። ተራራ። ዛፍ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሄዶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ላብ በግንባሩ ሲወርድ ይታየኝ ነበር። እኔ ከእናቴ ጀርባ ቀሚሷን ጨምድጄ ቆሜ፣ «እኔ ነኝ» ለማለት ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ ፈጣሪ ይወቀው። ብናገር ሰውዬው የሚገድለኝ ይመስለኝ ነበር፣ ከዚያ ይልቅ ደግሞ አባቴ እንዴት እንደሚያየኝ ፈራሁ።

«አንስቻቸው ነበር ወንድሜ፣ እንዴት እንደጠፋ… ምን አፍ አለኝ» አለ አባቴ።

ሰውዬው ካሜራዋን ከእጁ ተቀብሎ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ራሱ አባቴን ያጽናናው ጀመር። «አብሽሩ መምህር። ካልተባለልን ምን ይደረጋል» አለና ሻይ እንኳ ሳይቀምስ በመጣበት ጭቃ ተመለሰ። ሠልስቱ ላይ ልጅዬው የእናቱን ነጠላ ታቅፎ ቆሞ እንደነበር አባቴ ከልቅሶ ሲመለስ ለእናቴ ነገራት። ካሜራዋን ሣጥን ውስጥ ከተታት፣ መስከረም ሲጠባም አላወጣትም። «የሰው አደራ የማትጠብቅ ዕቃ አልይዝም» ነበር ያለው። ቅዳሜን ቤት መዋል ጀመረ፣ ወንበሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ፈተና እያረመ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቱን ላለማየት ሰበብ ፈልጌ ጎረቤት እውል ነበር።

የነገርኩት ዘንድሮ ነው። ጡረታ ወጥቶ ደሴ እኔ ዘንድ ገብቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። በፋሲካ ማግስት ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ከወንድሜ ትኩሳት ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጣም።

«የእማማ አስካለን ፊት አይተሽዋል?» አለኝ።

«አይቻለሁ አባዬ።»

«እኔ አላየሁትም፣ ፀሐይ ነበር። ከአንቺ በቀር ያየው ሰው የለም ማለት ነው።» ከዚያ «ሂጂና ለልጃቸው ንገሪው» አለ።

ያኔ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንዲት ካሜራ ነበረች፣ ዛሬ ሁሉም በኪሱ ይዞ ይዞራል። የእኔ ስልክ ብቻ የአባቴን ፊት ስንት መቶ ጊዜ እንደያዘ አላውቅም፣ ወንድሜም ጎረምሳ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያነሳ ይውላል፤ የተነሳ ሰው ይሞታል ብሎ የሚፈራ የለም። ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ግን ያስፈራል፤ ከደሴ የሚሳፈር ሰው ፍተሻው ላይ ምን እጠየቅበት ይሆን እያለ፣ መናኸሪያ ቆሞ ፎቶዎቹን በአውራ ጣቱ ሲያጠፋ አያለሁ። እኔም ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። መንገዱ ሲረጋጋ እሄዳለሁ እያልኩ፣ ለልጃቸው የምነግረውን በልቤ አጠናለሁ፤ አዲሱን ነጠላ፣ የወለቀውን ጥርስ፣ የሚስቀውን ዓይን። በቀደም ሳጠና ግን አፋቸውን የሸፈኑበት እጅ ቀኝ ይሁን ግራ ጠፋብኝ።