ለተቃጠለ እጄ የተላኩ ሽማግሌዎች

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኛል፤ መጀመሪያ ለጋብቻ፣ ቀጥሎ ለቤንዚን። የጋብቻውም ብዙ አልረባኝም። የቤንዚኑን ሳስብ ግን እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ከከተማችን ዳር ባለ ማደያ ነዳጅ ቀጂ ነበርኩ። የአንዱ ፓምፕ የመቅጃ ጎማ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ቤንዚን ያንጠባጥብ ነበር። ለማደያው ባለቤት ስንነግረው አንዴ በፌስታል ጠቀለለው፣ ሌላ ጊዜ በገመድ አሰረው። «አዲስ ግዛ» ስንለው «እናንተ ደግሞ ጠብ ሲል ታያላችሁ!» ይለናል። ሰውዬው ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሲሰጥ ስሙ በድምፅ ማጉያ ካልተጠራ የሚያኮርፍ ነው። ለጎማ ማን ያጨበጭብለታል?

አንድ ቀን ከወገዳ መንገድ በኩል አቧራ ለብሶ የመጣ ሞተረኛ ሞተሩን ሳያጠፋ ቅጂልኝ አለ። «አጥፋ እንጂ!» ብዬ ሳልጨርስ ከስንጥቁ የፈሰሰው ቤንዚን እጅጌዬን አርሶ ትኩሱ ሞተር ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የራሴን ጩኸትና አሸዋ የሚበትኑብኝን ሰዎች ነው። ቀኝ እጄ ከክርኑ በታች ተላጠ።

ባለቤቱ በባጃጅ ጭኖ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ደግ ሰው አትሉም? ቀድሞኝ ገብቶ ለነርሷ «ቤቷ የላምባ ምድጃ ፈንድቶባት ነው» አላት። ኧረ የምን ላምባ! ቤቴ እንዲህ ያለ ምድጃ ኖሮኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን በሕመም ጥርሴን ነክሼ ስለነበር ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

የውሸቱ ጥቅም የገባኝ ቁስሉ ሲደርቅ ነው። ቆዳው ተኮማትሮ ጣቶቼን ወደ ውስጥ አጠፋቸው። ሐኪሙ «ባሕር ዳር ሄደሽ ቀዶ ጥገና ካልተደረገልሽ እንደታጠፉ ይቀራሉ» አለኝ። አደጋው በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ከተነገረ የሚያሳክመኝ አሠሪዬ ነው። የምድጃ እሳት ከሆነ ግን ራሴው ነኝ፤ ለዚያ የሚሆን አቅም ደግሞ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ላመለክት ቆረጥኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ባለቤቱ ጆሮ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች ቤቴን ሞሉት። በእኛ አገር አደጋ ማሳወቅ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ የሚታወቀው ክስ ነው። ክስ ካለ ጠብ አለ፣ ጠብ ካለ ዕርቅ አለ፣ ዕርቅ ካለማ ቢሮ ምን ሊሠራ! እነዚህ የተከበሩ ሰዎች እኔን ከቤንዚን ጋር ሊያስታርቁ መጡ።

ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ሰውዬው ከኋላቸው አንገቱን ሰብሮ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥሎ ቆመ። ለተቃጠለ እጅ ብርቱካን! ማን እንዲልጥልኝ ኖሯል? አባቴንም እርሻውን አስትተው ከገጠር አስጠርተውት ኖሮ አብሯቸው ተቀምጧል። ገና ሲገባ «ሽማግሌ እንዳታሳፍሪ፣ አደራ» ብሎኛል።

ዋናው ሽማግሌ ጀመሩ። «ፈተና ነው ልጄ። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው፤ ነገሩም እዚሁ ይለቅ።»

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ፊታቸው በራ። «ግን አመለክታለሁ።» ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቅር ብለሽ ስታበቂ የምን ክስ ነው?»

«አባቶቼ፣ ክስ አይደለም። ሥራ ላይ እያለች ተቃጠለች ብሎ ማሳወቅ ነው። የአሠሪዬ ግዴታ ነበር እኮ!»

«ያው ነው» አሉ። ያው ነው! ጢም ሲሸብት አእምሮም አብሮ የሚበስል ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ።

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጎማው ምንም አልሆነም። እሷው ናት ተዝረክርካ እጇ ላይ ያፈሰሰችው። ይሁን እንጂ እንደ ልጄ ነው የማያት።» እንደ ልጄ ሲል ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ያኔ አንድ ነገር ታየኝ። በሽምግልና ተበዳይ ካሳ ይጠይቃል፤ ይኼንን ማንም አይከለክለኝም። «እሺ አባቶቼ፣ ቢሮም አልሄድም። ካሳዬን ግን ልናገር» አልኩ። ሰውዬው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሌላ ምን ያውቃል! «ገንዘብ አልፈልግም። ጎማው ደህና ነው ብለዋል። እንግዲያው በሚመጣው የገበያ ቀን ጋሼ ራሳቸው ያንን ጎማ ይዘው ይቅዱ። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ ስለ እጄ አንድ ቃል አይወጣኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ካሳው ቀለላቸው። አንዱማ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው መረቁኝ። ሁሉም ዞረው ሰውዬውን ጠበቁት። ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እንዴ!» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ።»

መራቂዬ፣ ጉድ እኮ ነው፣ «እሱስ እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው አባቴ ቀና አለ። «እኔስ?» አለው። «እኔ የምን አባት ነኝ?»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ወጡ። ብርቱካኑም ከሰውዬው ጋር ተመለሰ።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ አየንና «በሽማግሌ አልቋል ተብዬ ነበር። ታርቃችሁ የለም እንዴ?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ የታጠፈ እጄን በቀስታ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አልታረቅንም» አለ። «ጻፍ።»