እግዜር ላይ የተላከከ ናዳ

ከአዲስ አበባ ስነሣ የሕግ ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «ናዳ ደግሞ በሕግ ይጠየቃል?» አሉኝ። የአካባቢና የአደጋ ሕግ የማስተምር ሰው ነኝና ሳቃቸው አናደደኝ። መንዝ ውስጥ ከሞላሌ አለፍ ብሎ፣ አዲስ መንገድ በሚቆረጥበት ተራራ ሥር፣ ናዳ የገበሬዎችን የገብስ ማሳ ውጦታል። ወረዳው «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎታል። እንዲያ ከተባለ ደግሞ የዕርዳታ ስንዴ እንጂ ካሣ የለም።

ጣርማ በር ላይ ከአስፋልቱ ተገንጥለን ፒስታውን ያዝን። የአውቶቡሱ ጎማ ተንፍሶ ብርዱ አጥንታችንን ሰረሰረው። ሞላሌ ስደርስ ትኩስ ሽሮ ነፍሴን መለሰልኝ።

በማግስቱ በእግር ወደ መንደሩ ወጣሁ። ሰዉ ባናውን ተከናንቦ መስክ ላይ ተቀምጧል። ማሳቸው ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸውን ወይዘሮ አስካለን «ስብሰባ ነው?» አልኳቸው።

«አውጫጭኝ ነው። ጥፋተኛው እስኪለይ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርስዎም መጥተዋልና ይቀመጡ።»

በአውጫጭኝ ሌባ ሲፈለግ ሰምቻለሁ፤ ናዳ ያመጣ ሰው ሲፈለግ ግን ገና ማየቴ ነበር።

ወዲያው የወረዳው ሹም ስንዴ በጫነ መኪና ደረሰ። «የእግዜር ሥራ ነው፤ ይህንኑ ፈርማችሁ ውሰዱ» አለ እንደቆመ።

ሰብሳቢው ቄስ ጥላሁን ቀና አሉ። «እግዜር ዶዘር የለውም፣ ልጄ። ተቀመጥና አንተም ያየኸውን ተናገር።»

«ይሄ ፀረ ልማትነት ነው!» አለ ሹሙ።

ያን ጊዜ ይህ ቃል ሲወረወር ብዙ ሰው አንገቱን ይደፋ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ግን ብድግ አሉ።

«መንገድ ጠላን ያለ የለም። ርቦኛል፤ አዎ ርቦኛል! ለስንዴ ብዬ ግን በእግዜር ላይ በሐሰት አልፈርምም።»

በመንደሩ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የመንገዱ ፎርማን ከኋላ ተነሣ። እዚያ የሚያድር ሁሉ በአውጫጭኝ መናገር አለበት።

«አፈሩን ራቅ አድርገን መድፋት ነበረብን» አለ። «ተቋራጩ ነዳጅ ይብቃ ብሎ ከማሳው በላይ አስደፋን። ዝናቡ ሲመጣ ተናደ።»

ሹሙ ፊቱ ቀላ። «ፍርድ ቤት ይህን አይቀበልም» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። አንድም ሰው አልፈረመም፤ ስንዴውም እንደተጫነ ተመለሰ። እኔ የፎርማኑን ቃል ጽፌ አስፈረምኩት።

አዲስ አበባ ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ የገበሬዎቹን የካሣ ክስ መጻፍ ጀመርኩ። ሰው ያደረሰውን ጥፋት «ተፈጥሮ» ብሎ መጥራት ራሱ ሁለተኛ በደል እንደሆነ መንዝ አስተምሮኛል። ተከሳሽ በሚለው ቦታ የተቋራጩን ስም አሰፈርኩ። ዳኛው ምን እንደሚሉ አላውቅም። ብንሸነፍ ይግባኝ አለ፤ ከይግባኝ በላይም ሰበር አለ።