ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ አውቅ ነበር

ቡሬ ሐኪም ቤት የተቀጠርሁት በማሰሮዬና በመቃዬ ምክንያት ነው። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቡሉቅባሽ ሐጎስ የሚባል የጣሊያን ጦር ኤርትራዊ አስታማሚ ሁለት አስካሪ ወታደሮች አስከትሎ ቤቴ መጣ። አረቄ ስለምሸጥ ሊያስረኝ መስሎኝ ድፍድፉን ጓሮ ልደፋ ስል ደረሰብኝ። «አትድፊው። ዕቃሽን ይዘሽ ነይ፤ ዶቶሬ ይፈልግሻል» አለኝ። ዶቶሬ የምንለው ጣሊያኑን ሐኪም ነው፤ ማዕረጉ ቴኔንቴ፣ በእኛ መቶ አለቃ ነበር።

ለካ የተፈለገው ውኃ ነው። ለመርፌና ለዓይን ማጠቢያ የተጣራ ውኃ የሚያወጣው የብረት ዕቃቸው ተሰብሯል፤ አርበኛ መንገዱን ስለዘጋ ሌላ አይመጣም። አረቄ የምታወጣ ሴት ውኃ ማውጣት አያቅታትም ብሎ ዶቶሬውን የመከረው ቡሉቅባሹ ነው። ማሰሮውን ጥጄ፣ መቃውን ገጥሜ፣ መገጣጠሚያውን በጭቃ መርጌ፣ መቀበያውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍሁት። ቀትር ላይ አንድ ጠርሙስ ሞላ። ዶቶሬው አሸተተውና አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ።

«ምን አለ?» አልሁት ቡሉቅባሹን።

«ውኃሽ ሰክሯል ይላል።»

አዲስ ማሰሮና አዲስ መቃ አመጡልኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ሥራዬ ውኃ ማውጣት ብቻ ነበር፤ ግን እኔ መቀመጥ አልወድም። ውኃው እስኪንጠባጠብ ፋሻ አጥባለሁ፣ መቀስና ወረንጦ እቀቅላለሁ፣ ቡሉቅባሹ ቁስል ሲያጥብ ሳህን እይዛለሁ። ዓመት ሳይሞላኝ ከውኃው ይልቅ ለሕሙማኑ የምሮጠው በለጠ።

ዘመኑም ልብ የሚያሳርፍ አልነበረም። ከኬላው ወዲህ ጣሊያን፣ ከኬላው ወዲያ አርበኛ። ገበያ ስወጣ ዘመዶቼ ፊት ይነሱኛል፤ ሐኪም ቤት ስገባ አስካሪው ቅርጫቴን ይበረብራል። ተኩስ በተሰማ ቁጥር የማን ወገን ቁስለኛ እንደሚመጣ ሳላውቅ ውኃ እጥዳለሁ። አረቄ መሸጡን ግን እርግፍ አድርጌ ትቼው ነበር።

ባልንጀራዬ እትዬ ውድነሽ የመጣችብኝ ያን ጊዜ ነው። ባሏ አያ ዳምጤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ገበሬ ሲሆን፣ ወንድሙ ከዘመቻ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ሁለት ክረምት ሙሉ እኔ ቤት ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው። እኔ መሸጥ ስተው ሌላ ቤት ሄደ።

«ሰው ሁሉ ሲያርስ የእኛ በሬዎች ቆመው ይውላሉ» አለችኝ። «አንቺ የጀመርሽው ነው፣ አንቺው ጨርሺው።»

በማግስቱ አያ ዳምጤን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እጁን ይዤ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ አድማሱ ወሰድሁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል አሳልመው ገዘቱት፤ ከእንግዲህ አረቄ ቢቀምስ ሲሞት ፍትሐት እንዳያገኝ። እሱም እያለቀሰ ተቀበለ። እኔ ወደ ቡሬ ስመለስ መንገዱ አጠረኝ፤ ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ በቃሬዛ አመጡት። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየዋል። ዶቶሬው ዓይኑን ገልጦ አየና በቡሉቅባሹ በኩል እትዬ ውድነሽን ጠየቃት።

«መጠጥ ይጠጣል?»

«እንደ ማንኛውም ሰው ነው ጌታዬ» አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

እኔ አጠገቧ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ስንት እንደሚጠጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ገና ሲነጋ፣ እህል ሳይቀምስ ሦስት መለኪያ፤ ከዚያ በሬ እስኪፈታ ድረስ ስቀዳለት ሃያ ያልፋል። የባልንጀራዬን ባል ያሳበድሁ እኔ ነኝ ብዬ በሐኪም ፊት መናገር አፈርሁ፤ ከሥራም የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ዶቶሬው «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን አዘዘለት።

ረቡዕ ጠዋት ፋሻ ሳሰጣ ጩኸት ሰማሁ። አያ ዳምጤ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑ ተገልብጦ፣ አልጋው ላይ ይንፈራገጣል። እትዬ ውድነሽ «ጋኔን ነው፣ ጠበል አድርሱልኝ» እያለች ደረቷን ትመታለች። ቡሉቅባሹና ዶቶሬው ራሱን እንዳይመታ ይዘው በጎኑ አስተኙት። ሲለቀው፣ ቡሉቅባሹን እጅጌውን ያዝሁት።

«ወባ አይደለም። በቀን ሃያ መለኪያ ይጠጣ ነበር። የቀዳሁለት እኔ ነኝ። እሑድ በአንድ ጊዜ ያስተውሁትም እኔ ነኝ» አልሁት። ተረጎመለት።

ዶቶሬው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጠጪ በአንድ ጊዜ ከተወ ሊሞት እንደሚችል፣ የሚያረጋጋው መድኃኒት በመንገዱ መዘጋት ማለቁን፣ የቀረው መንገድ ራሱን አረቄውን በሰዓት እየለኩ፣ በየቀኑ እየቀነሱ መስጠት መሆኑን ነገረኝ። አረቄው ጉልበቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ዛሬ የበረታ ነገ የቀጠነ እንዳይሆን። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያወጣሁት አንድ ጋን ዳግም አረቄ ጓዳ ነበረኝ። መሸጥ ተውሁ አልሁ እንጂ ደፋሁት አላልሁም።

መለኪያውን ይዤ ስቀርብ አያ ዳምጤ ልቡ መለስ ብሎለት ነበር። ሽታው ሲደርሰው ፊቱን አዞረ።

«ግዝት አለብኝ። ያለ ፍትሐት እንድቀበር ነው?»

እትዬ ውድነሽ እጄን ገፋችው። «ያስገዘትሽውም አንቺ፣ ግዝቱን አፍራሽም አንቺ?»

ዶቶሬው አፉን በግድ ክፈቱ ብሎ አዘዘ። ቡሉቅባሹ አልነቃነቅም አለ። «ይህን ሰው በግድ ብናጠጣው ከበሽታው ቢድን ከኀዘኑ አይድንም። የገዘተው ቄስ ይፍታው» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ዶቶሬው ሰዓቱን አየ፤ የይለፍ ወረቀት ጻፈልኝ። ሁለተኛ እንዲህ ከጣለው ላይነሣ እንደሚችልም ነገረኝ።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ኬላውን በወረቀቱ አለፍሁ፤ ወንዙን ስሻገር ደግሞ የአርበኛ ጠባቂ ጠመንጃ ደገነብኝ። «ከጣሊያን ቤት ወዴት ነው?» አለ። «የአያ ዳምጤን ግዝት ላስፈታ። እየሞተ ነው» አልሁት። አያ ዳምጤን ያውቀዋል መሰለኝ፣ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ።

ቄስ አድማሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አገኘኋቸው። ወድቄ «ይፍቱኝ አባ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆነሻል?»

ነገርኋቸው። «አረቄ ላጠጣ ብሎ ግዝት ፍታልኝ ያለ ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉ።

«አባ፣ የታመመ ሰው ጾም አለበት?»

«የለበትም።»

«ይህም ሕመም ነው። ሐኪሙ የሚሰጠው እየቀነሰ ነው፤ መጨረሻው ባዶ ነው። ስንት እንደሚጠጣ እያወቅሁ ለአንቱም ለሐኪሙም ደበቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እኔም አልጠየቅሁሽ» አሉና መቋሚያቸውን አነሡ። ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ቡሬን ረግጠዋት አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን በአስካሪዎቹ መካከል መስቀላቸውን ይዘው አለፉ።

አያ ዳምጤን ፈቱት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ሐኪሙ ካዘዘው አንዲት ጠብታ አስበልጠሽ እንዳትቀጂለት፣ ከዚህም በኋላ ለማንም አረቄ እንዳታወጪ ገዝቼሻለሁ» አሉኝ። መስቀሉን ተሳለምሁ። የመጀመሪያውን መለኪያ ለአያ ዳምጤ አቀበልሁት፤ ጠጣው።

ከዚያ ሥራ ነበር። ቡሉቅባሹ ሰዓት ይጠራል፣ እኔ እለካለሁ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል አሰምራለሁ። በመካከሉ ማር በውኃ በጥብጠን፣ ጨው ያለበት መረቅ እናጠጣዋለን። እትዬ ውድነሽ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው መረቁን እሷው ይዛ መጣች። አንዳንድ ቀን ጨምሪልኝ ብሎ ይለምነኛል፣ ይሰድበኛል። መስመሩን አሳየዋለሁ። የመጨረሻው ቀን መለኪያው ላይ የተጣራ ውኃ ቀዳሁለት። አሸተተው፤ ጠጥቶም ሳቀ። ቄስ አድማሱ ያን ጊዜ መልሰው ገዘቱት፤ በክረምቱም በሬዎቹ አረሱ።

ጣሊያን ሲወጣ እኔ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማ ሐኪም ቤት ገባሁ፤ ድሬሰር ከሚባሉት ወጣት የሕክምና ረዳቶች ጋር ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠራሁ። አንድ ጠዋት አያ ዳምጤ በእግሩ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ገና እንዴት አደርህ ሳልለው፣ «እንደገና ከጀመርሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። በቀን ስምንት መለኪያ ነው» አለኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥሁት። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ነበረን፤ ሳይንቀጠቀጥ ዳነ።

እናንተ ወጣት ሐኪሞች አሁን ብዙ ዓይነት መድኃኒት አላችሁ። ጠጪ ሲመጣላችሁ ከማስማላችሁ በፊት ስንት እንደሚጠጣ ጠይቁ። እሱ ካልተናገረ የምትቀዳለትን ጠይቁ፤ ምናልባት ሳህን ይዛ አጠገባችሁ ቆማ ይሆናል።