በሎሚ የታጠበው ነሐስ

ሎሚ ብረት ላይ ሲታሽ የሚወጣውን ሽታ ዛሬም አልችለውም። ትናንት ልጄ የድስት ክዳን በሎሚ ስትፈትግ ሸተተኝና ከወጥ ቤት ወጣሁ።

ያኔ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ናቸው። በስደት አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ናይሮቢ ቀርቷል። እናቴ ባላቸው የሞተባቸው የአንዲት ፈረንጅ ወይዘሮ ቤት ታጸዳለች። አባቴን ስፖንሰር አድርጋ ለማስመጣት የሥራ ደብዳቤ ያስፈልጋት ነበር፤ ወይዘሮዋም ከሆስፒታል እንደተመለሱ ሊጽፉላት ቃል ገብተውላታል።

እዚያ ቤት መተላለፊያው ላይ ሁለት የነሐስ ሰሌዳዎች ተሰቅለው ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ፈረንሳይ አገር፣ የጥንት የጣልያን ቅርጾችን አስመስለው የሠሯቸው ናቸው አሉ። አፋቸውን ከፍተው የሚዘምሩ ልጆች ከሰሌዳው ጎላ ብለው ወጥተዋል። ሁሉም ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆኑ የአንዱ ልጅ ጉንጭ ብቻ ያበራል። ሲመሻሽ ያ ጉንጭ ለብቻው ይታይ ነበር፤ እፈራው ነበር።

ወይዘሮዋ በሚመለሱበት ቅዳሜ እናቴን ላግዛት ሄድኩ። "እነሱን ዳስት ብቻ አድርጊያቸው፣ አቧራቸውን ጥረጊ" ብላኝ ፎቅ ወጣች። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። በእኛ ቤት ነሐስ ጠቆረ ማለት ቆሸሸ ማለት ነው፤ በዓል ሲደርስ የእናቴን ትሪ በሎሚና በጨው የምፈትገው እኔ ነበርኩ። ወይዘሮዋን ደስ ላሰኛቸው ብዬ ሁለቱንም ፈተግኳቸው። ጥቁር ውሃ በክንዴ ወረደ። ስጨርስ ልጆቹ በሙሉ ቆዳቸው የተላጠ መስለው አፈጠጡብኝ።

እናቴ ከደረጃው ስትወርድ አየቻቸውና ባለችበት ቀረች።

"ምን አደረግሽ? ውይ ልጄ፣ ምን አደረግሽ?"

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን።

ወይዘሮዋ በምርኩዝ ገቡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ እጃቸውን ወደ ሰሌዳው ሰደዱ። አንዱን ጉንጭ ነኩ፣ ሌላውን ነኩ፣ የሚፈልጉት ጠፋቸው። ለካ ባላቸው አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ከቤት ሲወጡ የአንዱን ልጅ ጉንጭ ነካ ያደርጉ ኖሯል። ያን ጉንጭ ያበራው የባላቸው እጅ ነበር። ይህን እናቴ በኋላ ነው የነገረችኝ።

"ማን ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

አፌን ልከፍት ስል እናቴ ፊቴ መጥታ ቆመች። "እኔ ነኝ" አለች። እኔም ዝም አልኩ። ወይዘሮዋ አልጮኹም፤ የቤቱን ቁልፍ ለመቀበል መዳፋቸውን ብቻ ዘረጉ።

ባስ ውስጥ እናቴ እጄን ይዛ "ጥፋቱ የኔ ይባል፤ አባትሽን እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመሽ እንዳትጠብቂው" አለችኝ። እሱ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አምና በእናቴ ሙት ዓመት ዕለት አባቴ ለእንግዶቹ ስለሷ ያወራ ነበር። "እሷ እኮ እጇ አያርፍም! የፈረንጅ ቅርስ ፈትጋ እኔን ሁለት ዓመት ናይሮቢ አስቀመጠችኝ" ብሎ፣ እንባው እየወረደ፣ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም አብሬ ሳቅኩ።