በሩ ሲንኳኳ

ከጅጅጋ የወጣሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከተማችን በታወከችበት በዚያ ዓመት። መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ በሶ በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝና አለቀሱ። የእናቴን ፊት አየሁ፤ የእሳቸውን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በድሬዳዋ አድርገን ሽንሌን አልፈን ድንበሩ ላይ ደወሌ ደረስን። ኬላው ላይ ያለው ሰውዬ፣ «ጅቡቲ ምን ልትሠራ?» አለኝ።

«ሥራ ልፈልግ።»

«እነሱም እየፈለጉ ነው» ብሎ ማህተሙን መታልኝ።

እኛ አመሻሹ ላይ ሹራብ የምንደርብ ሰዎች እዚህ ጅቡቲ ስንመጣ ግድግዳው ራሱ የሚያልበው ይመስለናል። የግመል ወተቱም እኛ ጋ ከሀርሺን እንደሚመጣው ጭስ ጭስ አይልም። ግን ይለመዳል። አንድ መጋዘን ውስጥ የጽሕፈት ሥራ አገኘሁ፤ ቤትም ተከራየሁ። ያልለመድኩት የበር መንኳኳት ነው። አከራዬን ኤዶ ፋዱሞ እላቸዋለሁ፤ እኛም ጅጅጋ አክስትን የምንጠራው እንደዚያ ነው። እሳቸው ባንኳኩ ቁጥር በላብ እጠመቃለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በመስኮት አጮልቀው ሲያዩ አልጋ ስር አገኙኝ።

«ሞተሃል?» አሉኝ በሶማሊኛ።

«አልሞትኩም፣ ኤዶ።»

«ታዲያ ምን ያስደብቅሃል? ሻይ ነው ያመጣሁት!»

ጂን ነው ብለው ቁርዓን ሊያስቀሩልኝ አሰቡ። ክርስቲያን መሆኔ ትዝ ሲላቸው ግን እጄን ይዘው ክሊኒክ ወሰዱኝ።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አለኝ መዝጋቢው።

«በር ሲንኳኳ…»

«ቅጹ ላይ ሆድ፣ ራስ፣ ደረት ነው ያለው። በር የሚል የለም።»

«እንግዲያው ደረት በል።»

የኋላ ኋላ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ መሩኝ። ሂቦ ትባላለች፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። የአማርኛ አስተርጓሚ ልጥራልህ ስትለኝ እምቢ አልኩ፤ ያገሬ ሰው እንዲሰማው አልፈለግሁም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ስለ ሙቀቱ ብቻ አውርቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው በሶማሊኛ ነገርኳት።

ግርግሩ ሰፈራችን የገባ ዕለት እትዬ ብርቄ በራችንን አንኳኩ፤ «ክፈቱልኝ!» እያሉ። እናቴ ልትከፍት ስትነሳ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ማንኳኳቱ ቆመ። ማዶ ያሉት ሶማሌ ጎረቤታችን አስገብተው ደበቋቸውና ተረፉ፤ ቤታቸው ግን ተቃጠለ። መሄጃ ሲያጡ እናቴ ዘንድ ገቡ። ሁለት ወር አንድ ማዕድ ላይ ስንቀርብ ስለ በሩ አንድም ቀን አላነሱም። ካገር ያስወጣኝ ይኸው አለማንሳታቸው ነው።

ሂቦ እስክጨርስ ሰማችኝ። «በይ እንግዲህ፣ ጥፋትህ አይደለም በይኝ» አልኳት።

«በርህን ያንኳኳሁት እኮ እኔ አይደለሁም» አለችኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። ሳምንት ቆይቼ ግን ተመልሼ ሄድኩ፤ ከዚያም በየሳምንቱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ እሑድ ቤት ደወልኩና፣ እናቴን ስልኩን ለእትዬ ብርቄ ስጪልኝ አልኳት።

«እትዬ፣ ያን ቀን በሩን…»

«ሰምቼሃለሁ እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው። «‹እማዬ፣ አትክፈቺ› ስትላት።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምሳ በላህ?» አሉኝ።

«በላሁ።»

«ምን?»

«ዓሣ» አልኳቸው።